አምስተኛው ደብዳቤ

አራተኛውን ደብዳቤ በአባቷ ኮፒ ቤት አትማ እስክታወጣ ድረስ ሰይዳ ደህና ነበረች። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ደስም ብሏት ነበር። በባሮ ኮከብ የሴቶች እግር ኳስ ክለብ ውስጥ ውላቸው የሚያልቅ ተጫዋቾች ዘጠኝ እንደሆኑ ጋምቤላ ሁሉ ያውቃል፤ ማን ተሰናብታ ማን እንደምትቆይ የሚያውቀው ግን የክለቡ ቦርድ ብቻ ነው። አሁን ደግሞ ሰይዳ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ስትኖር እንዲህ ያለ ትልቅ ወሬ ከማንም ቀድማ ሰምታ አታውቅም።

እሷና ጓደኛዋ ቤርሳቤ ሰኔ ከገባ ጀምሮ ሌላ ጨዋታ አልነበራቸውም። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ውጤት እንኳ እንዲህ አላስጨነቃቸውም። ዘጠኙን ስም በሒሳብ ደብተር ጀርባ ጽፈው፣ ልክ ቦርዱ እነሱን እንዳማከረ ሁሉ ሲከራከሩ ይውላሉ። «ሺታዬ ትሂድ፣ በቃ!» ትላለች ቤርሳቤ። «ሯጭ ናት እንጂ ተጫዋች አይደለችም፤ ኳሱን ረስታው እኮ ነው የምትሮጠው!» ሰይዳ ደግሞ ለሺታዬ ትሟገታለች፣ ስለምትወዳት ሳይሆን ቤርሳቤን ማናደድ ስለሚጥማት። ክርክር ያልተነሳበት ስም አንድ ብቻ ነበር። የካፕቴኗ፣ የኛኳች። ከስሟ ሥር ሁለት ጊዜ አስምረው አልፈውታል።

እና አሁን የክለቡ ጸሐፊ አቶ ኃይለኢየሱስ በእጃቸው ጽፈው ባመጡት ዝርዝር ላይ፣ ከሺታዬና ከሌሎቹ ሦስት ስሞች በታች፣ ያ ስም ተጽፏል። አምስተኛ።

ሰይዳ እንደገና አነበበችው። አልተቀየረም።

አራቱን ደብዳቤ ስትጽፍ ሥራው ቀላል ነበር፤ ስሙን ትለውጣለች፣ የቀረው ያው ነው፦ ውልዎ ሰኔ ሠላሳ የሚያበቃ መሆኑንና ክለቡ የማያድሰው መሆኑን እየገለጽን፣ ላበረከቱት አስተዋጽኦ ከልብ እናመሰግናለን። አሁን ግን «አስተዋጽኦ» የምትለዋ ቃል ዓይኗን ወጋቻት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በዚያ ሙቀት፣ በዚያ ድንጋያማ ሜዳ የቆመች ሰው ከሺታዬ ጋር አንድ ዓይነት ምስጋና! እጇ እንዴት እንደታዘዘላት ሳታውቅ አንድ መስመር ጨመረች፦ እርስዎ ባይኖሩ ባሮ ኮከብ ዛሬ ክለብ አይሆንም ነበር።

አቶ ኃይለኢየሱስ የታተመውን አነበቡና እስክሪብቶ አውጥተው ሰረዙት። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻል ነበር።

«ሰይዳ፣ ይሄ ደብዳቤ ነው እንጂ ግጥም አይደለም» አሉ። «እኔም ከፍቶኛል። ጉልበቷ ነው፤ ሐኪሙ ያለውን ቦርዱ አይቷል። ዛሬ ሐሙስ ነው፤ ቅዳሜ በስብሰባ ይነገራል። እስከዚያ አንድ ሰው ቢሰማ ደጋፊዎቹ ስታዲየሙን በላያችን ላይ ያፈርሱታል። አደራ!»

አደራው አዲስ አይደለም። የአባቷ የጀማል ጽሕፈትና ኮፒ ቤት የቆመው በአደራ ነው። ከፑኝዶ የይዞታ ክርክሩን ይዞ የሚመጣ አለ፤ የፍቺ ማመልከቻ የምታስጽፍ፣ የሕመም ወረቀቷን ኮፒ የምታስደርግ አለች። ጀማል ማንበብ ለማይችል ሰው የተጻፈለትን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያነብለታል፤ የተበላሸውን ወረቀት ባለቤቱ እያየ አራት ቦታ ይቀደዋል። ሰይዳን ኮምፒውተሩ ላይ ያስቀመጣት ቀን አንድ ነገር ብቻ ነው የነገራት። «ኑዌሩም አኙዋውም ደገኛውም ምስጢሩን ይዞ እኛ ጋ የሚመጣው ማሽናችን አዲስ ስለሆነ መሰለሽ? አማና ነው፣ ልጄ፣ አደራ። እዚህ የተጻፈ እዚህ ይቀራል።»

ስለዚህ ሰይዳ አምስተኛውን ደብዳቤ ያለዚያች መስመር አተመች፤ የተሰረዘውን አራት ቦታ ቀደደች፤ አቶ ኃይለኢየሱስም ደብዳቤዎቹን በፖስታ ይዘው ሄዱ።

አባቷ የቀትሩን ሶላት፣ ዙሁርን፣ ሊሰግድ ወጥቶ ብቻዋን በነበረችበት ሰዓት ኛኳች መጣች። በሩ ዝቅ ስለሚል እንደ ልማዷ አንገቷን ሰበር አድርጋ ገባች።

«ማሌ፣ ሰይዳ!» ብላ በኑዌርኛ ሰላም አለቻት።

«ማሌ፣ ካፕቴን» አለች ሰይዳ፤ የምትገባበት ጠፋት።

ኛኳች መታወቂያዋን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ኮፒ ልታስደርግ ነው፤ ግን እጇን ከላዩ አላነሳችም።

«አንድ ኮች ደውሎልኛል። ጅማ ካለ ክለብ» አለች። «ሁለት ዓመት ተጫወቺ፣ ከዚያ ታዳጊዎችን ታሠለጥኛለሽ አለኝ። ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ስም ያስገባሉ። እኔ እንቢ ካልኩ ሌላ ሰው ይጽፋሉ።»

«ጅማ?»

«ጅማ። ጉልበቴን ታውቂዋለሽ፤ ዕድሜዬ ሃያ ዘጠኝ ነው። ከዚህ በኋላ ማንም አይደውልልኝም።» ሳቀች፤ ሳቋ ቶሎ ጠፋ። «ግን ባሮ ኮከብ ሳይለቀኝ እኔ እንዴት እለቀዋለሁ? ሰው ምን ይለኛል? እኔስ ራሴን ምን እለዋለሁ? ጠዋት ኃይለኢየሱስ እዚህ ሲያስጽፍ ታይቷል። ስሜ ካለ ንገሪኝ። እሱን ብቻ።»

ሰይዳ «አባዬ መናገር ከልክሎኛል» ማለት ትችል ነበር። ኛኳች ጀማልን ታውቀዋለች፤ አትቆጣም ነበር፤ ምናልባት ዝምታውን ራሷ ታነበው ነበር። ሰይዳ ግን ያየችው ሌላ ነገር ነው። የሚመጣውን ዓመት ሜዳ አየች፤ መሐል ተከላካይ ቦታ ላይ የማታውቃት ሴት ቆማለች። ጅማ የሚሄደውን አውቶቡስ አየች። ካፕቴኗ እንድትሄድባት አልፈለገችም፤ ነገሩ ይኸው ነው።

«የለም» አለች። «ስምሽ የለም።»

ካፕቴኗ ዓይኗን ጨፍና ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። ከዚያ ሰይዳን በሁለት እጇ ጭንቅላቷን ይዛ ግንባሯን ሳመቻት፣ ስልኳን አወጣችና እዚያው በሩ ላይ ቆማ ደወለች። «ኮች፣ አመሰግናለሁ። እኔ እዚሁ ነኝ» ስትል ሰይዳ ሰማች። ሰውየው ወዲያ ማዶ የሆነ ነገር ተናገረ። «እሺ፣ እስከ አሥራ አንድ እጠብቃለሁ ካልክ ጠብቅ። መልሴ ግን ያው ነው።» መታወቂያዋን ኮፒ ሳታስደርግ አንስታ ወጣች።

ሰይዳ ብቻዋን ስትቀር አማና መጠበቋ እንደሆነ ለራሷ ነገረች። ሁለት ጊዜ ነገረች። ሦስተኛው አልወጣላትም።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ቤርሳቤ እየሮጠች ገባች። ዝናቡ አበስብሷታል፤ ግድም አልሰጣት።

«ሰምተሻል? ካፕቴን ትቆያለች! ራሷ ተናግራለች! ስታዲየሙ አጥር ጋ፣ ማንጎው ሥር፣ ደጋፊዎቹ እነ ቶሚ እየጨፈሩ ነው። ዝናቡ ራሱ አልበተናቸውም!» ሰይዳን አየቻት። «ምን ሆነሽ ነው የተዘጋሽው? ደስ አላለሽም እንዴ?»

«ብሎኛል።»

«ፊትሽ እንደዛ አይልም። ነይ እንጂ፣ እንጨፍር!»

«ሥራ አለኝ» አለች ሰይዳ። ጠረጴዛው ላይ አንድም ወረቀት አልነበረም። ቤርሳቤ «ያምሻል እንዴ?» በሚል ዓይን አየቻትና ትከሻዋን ነቅንቃ ተመልሳ ሮጠች።

ያ ሁሉ ጭፈራ በሰይዳ አንዲት ቃል የመጣ ነው። ቅዳሜ ያ ደብዳቤ በሰው ሁሉ ፊት ለኛኳች ይሰጣታል። ጅማ ያለው ቦታ ያን ጊዜ የሌላ ሰው ሆኗል። ካፕቴኗ ክለብ የሌላት ካፕቴን ትሆናለች፤ ያውም ሰይዳ ስለምትወዳት። እንባዋ መጣ። በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው፣ እንደገና መጣ።

ከሶላት ተመልሶ ጓዳ የቆየው ጀማል ወጥቶ የኮፒ ማሽኑን መስታወት ሊወለውል ሲጎነበስ አያት። «ምን ሆንሽ?»

«አባ፣ ዋሸሁ።»

ነገሩን ሁሉ ነገረችው፣ ካፕቴኗ ግንባሯን መሳሟንም ጭምር። ጀማል ጨርቁን ይዞ ሳይንቀሳቀስ ሰማት። ስትጨርስ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ፤ ድንገት የደከመው መሰለ።

«ዝም በይ አልኩሽ እንጂ የለም በይ መቼ አልኩሽ?» አለ።

«አውቃለሁ።»

«ስንት ሰዓት ነው ያላት?»

«እስከ አሥራ አንድ። አሁን አሥር ሊሆን ነው።» ተነሳች፣ መልሳ ተቀመጠች። «ልንገራት? ብነግራት ደግሞ ከእኛ ቤት ወጣ ይባላል። ኃይለኢየሱስ ሁለተኛ እዚህ አይመጡም። ሌላውም ሰው...»

«ሌላውም ሰው» አለ ጀማል። «አሥራ ስድስት ዓመት ነው ይሄ በር ከተከፈተ። አንድም ቀን ምስጢር አልወጣብኝም።» ውጭ ዝናቡ እየቀነሰ ነበር። «እኔ ሂጂ አልልሽም። አፌ አይታዘዝልኝም። አትሂጂም አልልሽም። የተናገርሽው አንቺ ነሽ።»

ሰይዳ አባቷ ቢቆጣት፣ ቢጮህባት፣ ወይም እሱ ራሱ ቢሄድላት ብላ ተመኘች። ጀማል ግን ተነስቶ መስታወቱን መወልወል ጀመረ። ንጹሑን መስታወት ደጋግሞ ይወለውላል። ሰይዳ ጫማዋን አጥልቃ ወጣች።

ባጃጁ የኛኳች ሰፈር ኒውላንድ ለመድረስ አንድ ዘመን የፈጀ መሰላት። መንገዱ ጭቃ ሆኖ ሁለት ጊዜ ተንሸራተተ። ኛኳች ቤት ስትደርስ እህቷ ኛጋች ልብስ እያጠበች ነበር፤ በአገጯ ወደ ሜዳው አመለከተቻት። ካፕቴኗ እዚያ፣ ውኃ በቋጠረ ሜዳ ላይ፣ ደርዘን የሚሆኑ ትናንሽ ልጆችን ኳስ እያስነካች ነው። ጉልበቷ ላይ ነጭ ፋሻ አለ። ደስ ብሏታል፤ ከሩቅ ይታያል። ሰይዳ ወደ ኋላ መመለስ አማራት።

«ሰይዳ! አንቺም ልትጫወቺ መጣሽ?»

«ስምሽ አለ» አለች ሰይዳ።

«ምን?»

«ዝርዝሩ ላይ። አምስተኛ ነሽ። ደብዳቤሽን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ በገዛ እጄ። ዋሸሁሽ። ቅዳሜ ይሰጡሻል።»

ኛኳች ኳሱን በእግሯ እንደረገጠች ቆመች። ፊቷ ላይ ቁጣ ለማየት ሰይዳ ተዘጋጅታ ነበር። ያየችው ግን ሌላ ነው፤ ትልቅ ሰው ልጆች ፊት ላለማልቀስ ሲታገል።

«ምን ብለው ጻፉ?» አለች ኛኳች።

«አስተዋጽኦሽን እናመሰግናለን ብለው።»

«ሌላስ?»

ሰይዳ ስለተሰረዘችው መስመር ልትነግራት አሰበች። ያቺ መስመር ግን የክለቡ አልነበረችም፤ የራሷ ነበረች። «ሌላ የለም» አለች።

«አሥራ አንድ ዓመት» አለች ኛኳች፤ ለሰይዳ አይደለም። «እናቴን ኢታንግ ስንቀብር እንኳ፣ በማግስቱ ጨዋታ ነበረና ተመልሼ ገብቻለሁ።» እግሯን ከኳሱ ላይ አነሳች። «ለምን የለም አልሽኝ?»

«እንዳትሄጂብኝ።»

ካፕቴኗ ይቅር አለቻት ወይስ አላለቻትም፣ ሰይዳ ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ አስባ አልገባትም። «ማን ነገረሽ ቢሉኝ ስምሽን አላነሳም» አለቻት ኛኳች።

«እኔ ነገ ሄጄ ለአቶ ኃይለኢየሱስ ራሴ እነግራቸዋለሁ። ከአባዬ ቤት ሳይሆን ከእኔ እንደወጣ ይወቁ።»

ኛኳች ኳሱን ወደ ሰይዳ ገፋ አደረገችላት፣ ልጆቹን እንድትይዝላት፤ ከዚያ ስልኳን አውጥታ እያነከሰች ወደ ሜዳው ዳር ሄደች። ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች። ነፋሱ ቃሎቿን በከፊል ነው ያመጣው። «አዎ፣ ኮች... አልጻፋችሁም አይደል?... አዎ፣ ሐሳቤን ቀየርኩ... ቅዳሜ ተነስቼ እሑድ እደርሳለሁ።» ስልኩን ከዘጋች በኋላም አልተመለሰችም። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ሰይዳ አየችና ልጆቹ እንዳያዩ ዞራ ፊታቸው ቆመች።

አንዲት ሰባት ዓመት የማይሞላት ልጅ፣ ጭቃው እስከ ጉልበቷ የደረሰ፣ ቀሚሷን ጎተተቻት።

«ካፕቴን ነገ ትመጣለች?»

«ነገ ትመጣለች» አለች ሰይዳ።

«ከነገ ወዲያስ?»

ሌሎቹም ጨዋታቸውን ትተው አዩዋት። ከማዶ፣ ከስታዲየሙ በኩል፣ የእነ ቶሚ ጭፈራ አሁንም ይሰማል። «አዎ» ማለት እንዴት ቀላል ነበር! ልጅቱ ስቃ ወደ ኳሱ ትሮጥ ነበር። ሰይዳ ጎንበስ ብላ ዓይን ለዓይን አየቻት።

«ከነገ ወዲያ ትሄዳለች» አለቻት።