መጥረጊያ ነው ያለው

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ ግን መጨረሻውን በገዛ ጆሮዬ ሰምቻለሁ።

የቀረውን የነገረችኝ ታላቅ እህቴ፣ እታለም ናት። ልትሞት ስትል... ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ።

ነገሩ የሆነው በቀን ነው፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ። ፀሐይዋ ገና ወለሉ ላይ ነበረች።

እታለም የደህንነት መሥሪያ ቤቱ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበረች። የምክር ቤት አባላት "የታሰሩትን ሰዎች ፋይል አሳዩን" እያሉ ከመሥሪያ ቤቱ ጋር ሲጓተቱ ከርመው፣ በስንት መከራ ከመካከላቸው ለአንድ ሰው ተፈቀደ። ያውም ያለ ስልክ፣ ያለ ወረቀት፣ ያለ እስክሪብቶ። ሠራተኛዋ "አለ" ያለችውን ብቻ ያያል፤ "የለም" ካለች የለም ነው።

የመጣው ሰው ድሮ አስተማሪ ነበር፤ አሁንም "መምህር" ነው የሚሉት። ልጆቻቸው የጠፉባቸው እናቶች የነገሩትን ስም ሁሉ በቃሉ አጥንቶ መጥቷል።

አለቃዋ ግን ጠዋት ቀድሞ ጠርቷት ነበር።

"የእነዚያን ልጆች ፋይል ጓዳ አስገቢና ቆልፊበት። ሰውዬው ጓዳው ውስጥ ምንድን ነው ያለው ካለሽ፣ መጥረጊያ ነው በይው።" ሳቅ አለ። "የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ካመለጠሽ አንቺንም እዚያው ነው የምንደረድርሽ።"

በገዛ እጇ ተሸክማ አስገባች። ቁልፉን ኪሷ ከተተች።

መምህሩ ተቀመጠ። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ልክ እንደ ክፍል ስም ጥሪ፣ አንድ በአንድ ይጠራ ጀመር።

የመጀመሪያውን ስም ጠራ። እሷ መደርደሪያው ላይ የምትፈልግ መሰለች።

"የለም፣ ጋሼ።"

ከጓዳው በኩል አንድ ነገር ተሰማ... ትንፋሽ የመሰለ።

ሁለተኛውን ጠራ።

"የለም።"

"አቤት" አለ አንድ ድምፅ። ከበሩ ጀርባ።

የጎረምሳ ድምፅ ነው። ቀስ ያለ... አስተማሪውን እንደሚፈራ ተማሪ።

መምህሩ ዓይኑን ገለጠ።

"ሰማሽ?"

"ቧንቧው ነው። አሮጌ ቤት መቼስ..."

ሦስተኛውን ጠራ።

"አቤት።" ይቺኛዋ ሴት ናት።

ቀጠለ... "አቤት።" ደግሞ ሌላ... "አቤት።"

የበሩ እጀታ መዞር ጀመረ። ቀስ ብሎ... ከውስጥ።

መምህሩ ከወንበሩ አልተነሣም። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"እህቴ፣ እናቶቹ ደጅ ቆመው እየጠበቁኝ ነው። ምን ልበላቸው? ከዚያ በር ጀርባ ሰው አለ?"

አንዲት ቃል ነበረች የምትበቃው። ቁልፉም ኪሷ ውስጥ ነው።

"የለም" አለችው። "መጥረጊያ ነው ያለው።"

እጀታው መዞሩን አቆመ።

"የእጀታው መቆም ነው የገደለኝ" አለችኝ እታለም። "ባይቆም ይሻለኝ ነበር። ሰምተውኛል ማለት ነው።"

መምህሩ ፈርሞ ወጣ። በመስኮት አየችው፤ ለእናቶቹ ራሱን ሲነቀንቅላቸው።

ከዚያ ቀን ወዲህ እታለም ስሟ ሲጠራ "አቤት" ብላ አታውቅም። እናታችን ትዕቢት መስሏት "ጆሮሽን ሸጥሽው እንዴ፣ እቴጌ?" እያለች ትቀልድባት ነበር። እሷ እጇን አፏ ላይ ጭና ትመጣ ነበር።

ያረፈችው ሆስፒታል ነው፣ ረፋዱ ላይ። ፊቷን ሸፍኜ ቀና ስል፣ ገና ተረኛ ሆና የገባች ነርስ ኮሪደሩ ላይ ቆማ የበሽተኛ ስም ትጠራለች።

የእህቴን ስም ጠራች።

"አርፋለች" ልል አፌን ስከፍት...

"አቤት።"

የራሷ ድምፅ ነው። የመጣው ግን ከአልጋው አይደለም። ከኮሪደሩ ጫፍ ነው፤ ከተቆለፈው የጽዳት ዕቃ ክፍል።

የክፍሉ እጀታ ቀስ ብሎ መዞር ጀመረ።

ነርሷ ወደ እኔ ጠጋ አለች። "ሰው ተቆልፎበታል እንዴ?" አለችኝ በሹክሹክታ።

ማን እንደሆነች አውቃለሁ። ብቻዋን እንዳልሆነችም... ከኋላዋ ብዙ ሰው ሲተነፍስ ይሰማኝ ነበር።

"የለም" አልኳት። "መጥረጊያ ነው ያለው።"

እጀታው ቆመ።