አስተማሪዬን ሳላቀምስ

«ይኼንን የጀጎል ጅብ እንኳ አይበላውም፣ የጀጎል ጅብ ደግሞ ላስቲክ ይበላል!» አለችኝ መሠረት ፊት ለፊቴ፣ ሳህኑን ወደ እኔ ገፍታ። እውነቷን ነበር። ሽሮው ከላይ ጥሬ፣ ከሥር ከሰል ነበር፣ መሐሉን አልነግራችሁም።

መሠረት ከጎጃም ተመድባ የመጣች ነርስ ናት። እኔ ሐረር በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት ነው አብረን የተከራየነው፣ በፈላና በር ገባ ብሎ አባይ ሩቂያ ግቢ (እዚያ ትልቅ ሴት «አባይ» ትባላለች)፣ አንድ ክፍል ለሁለት፣ አንድ ሳምንት እሷ ታበስላለች፣ አንድ ሳምንት እኔ። ችግሩ ደብረ ብርሃን ሳለሁ እናቴ ወጥ ቤት በገባሁ ቁጥር «ውጪና አጥኚ!» እያለች ነው ያሳደገችኝ፣ ወጣሁ፣ አጠናሁ፣ አሥራ ሁለተኛን ጨረስኩ፣ ነጥብም አልመጣልኝ ወጥም አልቻልኩ። ሐረር ፈረስ መጋላ ገበያ አንድ የዕቃ ሱቅ ውስጥ ሻጭነት አግኝቼ ስነሳ አባቴ «በወሩ ትመለሻለሽ፣ ስትመለሺ ግን የመጣልሽን ባል እሺ ትያለሽ» አለኝ፣ እኔም በንዴት «እሺ» አልኩት፣ እሺ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ግን ያ ሽሮ ያረረ ቀን ነው፣ መሠረት «እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተማርሽ የሥራ ባልደረባዬን አስገባለሁ፣ አንቺ ሌላ ቤት ፈልጊ» ስትለኝ። በሻጭ ደመወዝ ብቻዬን ቤት አልይዝ ነገር፣ መመለሴ ነው፣ ባሉም አለ።

ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እኔ ጋኔን ምናምን ሲወራ ከሚስቁት ነኝ፣ አክስቴ «ዛር አለብኝ» ስትል «ሥራ ነው የሌለሽ» ያልኳት እኔ ነኝ፣ በዚህ የተነሳ እስከ ዛሬ አናወራም። ስለዚህ አባይ ሩቂያ ገና የገባን ቀን ወጥ ቤቱ በር ላይ አቁመውኝ «ልጄ፣ ሙቅ ውሃ ስትደፊ እኛ ቢስሚላህ እንላለን፣ አንቺ በእናንተው በስመ አብ በይ፣ ድስቱንም ጠርገሽ አትብዪ፣ አንድ ጭልፋ ከሥሩ ተዪ» ሲሉኝ ዝም ብዬ መቀበል አልቻልኩም።

«ለማን ነው የምተወው?»

«ወጥ ቤቱ ባዶ አይደለም።»

«አይጥ አለ ማለት ነው?»

አልሳቁም፣ አልተቆጡም። ድስት በእንጀራ መጥረግ ደግሞ ያኔ ብቸኛ ሙያዬ ነበር፣ እመኑኝ፣ ያረረውን ሳይቀር ነበር የምጠርገው።

ነገሩ የጀመረው ዓርብ ቀን ነበር። ሱቃችን ለጁምዓ ተዘግቷል፣ መሠረት ሥራ ናት፣ አባይ ሩቂያ ዘመድ ሊጠይቁ ወጥተዋል፣ ግቢው ጭር ብሏል። እኔ ከወጥ ቤቱ ጥግ ቁጭ ብዬ ሽንኩርት እየላጥኩ ሳለ ከኋላው ግድግዳ ወዲያ ተክ፣ ተክ፣ ተክ የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ሰው ሽንኩርት እየከተፈ ነው። ጎረቤት ምሳ ልትሠራ ነው አልኩና አንድ ሐሳብ መጣልኝ፣ አስተምሩኝ ብሎ መለመን ሞቴ ነው፣ ብሰማ ግን ማን ያየኛል? ስትከትፍ ከተፍኩ። ድስት ስትጥድ ጣድኩ። ሽንኩርቷን ስትጨምር ጨመርኩና ዘይቱን ላነሳ ስል፣ ሴትዮዋ ዘይት የለ፣ ምን የለ፣ ዝም ብላ ታማስላለች፣ ጠብታ ውሃ ጠብ ታደርግና ጭስስ ይላል፣ ደግሞ ታማስላለች፣ ክንዴ እስኪዝል ድረስ። ከዚያ በማማሰያው የድስቱን ጠርዝ ሦስት ጊዜ መታች፣ ቋ፣ ቋ፣ ቋ፣ ወዲያው የዘይት ድምፅ ሰማሁ። ለካ እኔ ስንት ሽሮ የገደልኩት ዘይት እያስቀደምኩ ነው!

ማታ መሠረት ሁለት ጊዜ ጎረሰችና ቀና ብላ አየችኝ፣ «ከየት ገዛሽው?» አለች፣ ለእሷ ይኼ ምርቃት ነው።

ከዚያ ወዲያ ተራ አልጠበቅኩም፣ ሁልጊዜ እኔ ነኝ የማበስለው፣ ምስር፣ ድንች፣ አልጫ፣ ሁሉንም ከግድግዳው እየሰማሁ፣ ድስቱን ደግሞ ጥርግ አድርገን እንበላለን። አንድ ቀን ግን ሽንኩርት ከእጄ ወደቀና ጎንበስ አልኩ፣ ማዶም ጸጥ አለ። መክተፍ ጀመርኩ፣ ጀመረች። ቆምኩ፣ ቆመች። እስካሁን እኔ ነበርኩ የምከተላት፣ መቼ ነው እሷ እኔን መጠበቅ የጀመረችው? ልፈትናት ብዬ ሳያስፈልግ የድስቱን ጠርዝ ሁለቴ መታሁ፣ ሁለቴ መታች፣ እሷ ግን የመታችው በጣም ቀስ ብላ ነው፣ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው።

ባለጌ አይደለሁም፣ ላመስግናት ብዬ በሳህን ምስር ያዝኩና ዞሬ ሄድኩ። ከግድግዳው ኋላ ቤት የለም፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ ጠባብ መንገድ ነው፣ ከዚያ ማዶ የሌላ ግቢ ደፍን አጥር። አንድ ሰውዬ አህያውን እየነዳ ስለመጣ ሳህኑን ደረቴ ላይ ለጥፌ ግድግዳውን ተደገፍኩ። ግድግዳው ይሞቃል። ፀሐይ አያገኘውም፣ ግን ይሞቃል።

«አባይ፣ ከወጥ ቤቱ ኋላ ማን ነው የሚኖረው?» አልኳቸው ስመለስ።

«መንገድ ላይ ማን ይኖራል?» አሉና ሳህኑን አዩ። «ይኼ ሁሉ ሙያ ከየት መጣ? ማን አስተማረሽ?»

ነገርኳቸው።

«ድስቱን ትጠርጊያለሽ?»

«አዎ።»

«ሱብሃነላህ! ለአስተማሪሽ ሳታቀምሺ ነው ይኼን ሁሉ ቀን?»

«ለግድግዳ ወጥ አላቀርብም» አልኳቸው። አፌ እንዲህ ነው፣ ሆዴ ግን ያን ቀን እንደ አፌ አልነበረም።

የወሩ መጨረሻ እሑድ መሠረት ዶሮ ገዛች፣ «ይኼን ከሠራሽ አለቀ» ብላኝ። መሠረት የምትሠራበት ጤና ጣቢያ ዘበኛ ባርከው አረዱልን፣ አሥራ ሁለቱን ብልት ራሴ አወጣሁ፣ ራሴ አጠብኩ፣ ሁለቴ ቆጠርኩ። ጠዋቱን ሙሉ ስሠራ ከማዶ ኮሽ አላለም፣ እውነቱን ልንገራችሁና ደስ አለኝ፣ አሁን ያለ እሷም እችላለሁ። ሥጋውን ጨምሬ ከደንኩና ከሰሉን ላራግብ አጎነበስኩ። ያኔ ሰማሁት፣ አጥንት ይመጠጣል፣ ቀስ ተብሎ፣ እየተጣጣመ። ከማዶ አልነበረም። ከጀርባዬ ነበር። ስዞር ማንም የለም፣ በሩን ራሴ ቀርቅሬዋለሁ፣ የድስቱ ክዳን እንደተከደነ ነው፣ ማማሰያው እጄ ላይ ነው፣ የድስቱ ጠርዝ ግን ዓይኔ እያየ ቋ፣ ቋ፣ ቋ አለ።

ክዳኑን አንስቼ ቆጠርኩ። አሥራ አንድ። ፈረሰኛው የለም፣ ለክብር እንግዳ የሚሰጠው።

ድስቱን ይዤ ወደ ክፍላችን እንዴት እንደገባሁ አላውቅም። መሠረት አንዴ ጎረሰች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ «በቃ፣ አትሄጂም!» አለች እየሳቀች፣ «ባልደረባዬን ሌላ ፈልጊ እላታለሁ። ደግሞ ዛሬ ማንን ይዘሽ ነው አንቺ? ሁለት ሆናችሁ ስትሳሳቁ እዚህ ድረስ ይሰማል!»

እኔ ከጠዋት ጀምሮ አፌን አልከፈትኩም።

«ማን ናት እሷ?» አለች፣ ገና አፏን ሳትዘጋ ከአልጋዬ ራስጌ፣ ከግድግዳው ውስጥ፣ ቋ፣ ቋ፣ ቋ። መሠረት አጥንቱን እንደያዘች ቀረች። ቦርሳዬን ከአልጋው ሥር ጎተትኩ።

አባይ ሩቂያ ግቢው በር ላይ ነበሩ።

«ወዴት ነው በምሳ ሰዓት?»

«አገሬ።»

«ቀመሰች?»

«ሳልሰጣት ወሰደች፣ ፈረሰኛውን።»

«አስተግፊሩላህ» አሉና በሩን ከፈቱልኝ፣ ሳልፍ ክንዴን ያዝ አድርገው «አገርሽ ገብተሽ መጀመሪያ ከምታበስዪው» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አንድ ጭልፋ ተዪላት፣ ያስተማረችውን አትለቅም።»

ቦርሳዬን አንግቤ በፈላና በር ወጣሁ።