የፍልሰታ ወተት

ተዋናይዋ ታየች የሞተችው የጠንቋይ ልብሷን ሳታወልቅ ነው። ወለቃ መንደር ውስጥ ለልጆች በሚቀረጸው የቴሌቪዥን ተረት ላይ፣ ከሸክላ ማሰሮ አስማት የምትጠጣዋን አሮጊት ትጫወት ነበር። ያን ዕለት ከቅዳሴ በቀጥታ መጥታ ጠጣች፣ ሆዷን ይዛ ወደቀች፣ መኪና ሳይደርስላት አረፈች። አጠገቧ የተገኘው ማሰሮ እስከ ግማሹ ወተት ነበረበት።

ሰፈርተኛው ምርመራ አላስፈለገውም። ማሰሮውን የሠራችው እንኳየሁ ናትና «ሸክላ ሠሪዋ በላቻት» ብሎ ፈረደ። መርማሪው ኢንስፔክተር ቢያዝን ደግሞ ሕዝቡ እንዳይጎዳት በሚል ሴትዮዋን አሰራት። ሰበብ መሆኑን ራሱም ያውቀዋል፤ ያሳሰራት ከልጅነቱ ጀምሮ ሲነገረው ያደገው ፍርሃት ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ተረቱ ግን እስር ቤት የሚያድረውን ሰው አያስብም።

በማግሥቱ ሕሊናው እየቆረቆረው የሟቿን ቀሚስ ዘርግቶ አየ። ከዚያ የቀረጻውን ዕቃ የሚያሰናዳውን ሽማግሌ አስጠራ።

«አያ አላምረው፣ ማሰሮው ውስጥ ምን ነበር?»

«ያው ያዩት ነዋ ጌታየ፣ ወተት።» ሽማግሌው ግን ቀና ብሎ አላየውም።

ቢያዝን ቀረጻውን አስከፍቶ ተመለከተ። ከዚያ የቀረጻውን ሰዎች ሁሉ ግቢው ውስጥ ሰበሰበ፤ የተረቱ ደራሲና አዘጋጅ ልዑልቃል ከፊት ቆመ፣ ጎረቤቱም አጥሩን ሞላው።

«ታየች የቄስ ልጅ ናት» አለ ቢያዝን። «ፍልሰታ ከገባ ስድስት ቀን ሆነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ የማትቀምስ ሴት ወተት ትጠጣለች?»

ቢያዝን የሟቿን ቀሚስ አነሳ።

«አትጠጣም። ወተቱ ከወደቀች በኋላ የተጨመረ ነው። አሁን ቀሚሱን እዩት። የጠንቋይ እንዲመስል በጥላሸትና በጭቃ አቆሽሻችሁታል። መጠጡ የፈሰሰበት ደረቱ ግን ነጥቷል። ወተት ልብስ አያጥብም። እንዶድ ያጥባል፤ አረፋም ያወጣል።»

አላምረው አለቀሰ። «ለሥራም ቢሆን በጾም ወተት ከንፈሬን አይነካም አለችኝ። አረፋ እንዲሰጥ ብየ እንዶድ ወቀጥሁ። መርዝ ነው፣ ከንፈሯን ብቻ ታስነካው አልሁት ለልዑልቃል። እኔ እነግራታለሁ አለኝ። ኋላ ፈርቼ ዋሸሁ።»

ቢያዝን ወደ አዘጋጁ ዞረ። «አልነገርካትም። ስድስት ጊዜ ስትቀርጻት "ዋጪው" የሚለው ድምፅህ አለ። ሌላው መኪና ፍለጋ ሲሮጥ ከእሷ ጋር የቀረኸው አንተ ብቻ ነህ። ማሰሮውን አለቅልቀህ ለሕፃናቱ ተዋንያን የመጣውን ወተት ጨመርህ። ድርሰትህ ላይ ወተት ይላልና ጾሙን ዘነጋኸው።»

«በምሬቱ ፊቷ ከምር እንዲኮማተር ፈልጌ ነው» አለ ልዑልቃል። «ትሞታለች ብዬ አላሰብኩም።»

«ሸክላ ሠሪዋ ስትታሰርስ?»

«ሰው ሁሉ አመነ። ዝም አልኩ።»

ይህ መልስ ቢያዝንን ወጋው፤ የራሱም መልስ ይኸው ነበርና። ከአጥሩ ወዲያ ያሉት ጎረቤቶች ስለ ብልኅነቱ ሲያወሩ እየሰማ ወደ ጣቢያ ሄደ፤ በሩንም በእጁ ከፈተ።

«እትየ እንኳየሁ፣ ነጻ ነዎት። ይቅር ይበሉኝ።»

ሴትዮዋ ነጠላዋን አስተካከለች። «በፍልሰታ ወተት አትጠጣም ብየህ ነበር እኮ ትናንት፣ ልጄ። ምነው አልሰማኸኝ?»

ቢያዝን ሰምቷት ነበር፤ የእሷ ቃል በመሆኑ ብቻ አልጻፈውም።