ጠራዡን ያመለጠው በረራ

ሟቹ የተገኘው እንደተቀመጠ ነው። በተሸጋጋሪ መንገደኞች ማቆያ ያሉት ወንበሮች በየመሀላቸው የብረት ክንድ ስላላቸው እንኳን የደከመ ሰው ሬሳም አይጋደምባቸውም። የጽዳት ሠራተኛዋ መወልወያዋን ከእግሩ ሥር ልታሳልፍ ፈልጋ፣ «አባባ፣ እግርዎን ከፍ ያድርጉልኝ» አለችው። ዝም አላት። ድምፇን ከፍ አድርጋ ደገመችለት። ትከሻውን ነካ ስታደርገው ኮፍያው ወደቀ፤ ያኔ ጮኸች። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ነበር። ሊሳፈርበት የነበረው አውሮፕላን ከተነሣ ግማሽ ሰዓት ሆኖታል።

የአየር ማረፊያው ፖሊስ መርማሪ ወዲያው ደረሰች። ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ ዝግ ብላ የምትራመድ፣ ዝግ ብላ የምትናገር ሴት ናት። ባልደረቦቿ «መንጠቆ» ይሏታል፤ የያዘችውን አትለቅም ለማለት ነው። አሥራ አንድ ዓመት እዚህ ስትሠራ አንድም ቀን አውሮፕላን ተሳፍራ አታውቅም። መንገደኛን ግን ታውቃለች። ርካሽ ትኬት የቆረጠ ሁሉ የሚጣለው እዚህ ነው፤ ለአሥር ሰዓት፣ ለአሥራ አምስት ሰዓት፣ አንዳንዴም ለሙሉ ቀን። ማሞቂያው ከተበላሸ ሁለት ክረምት አልፎታል። ቧንቧው ላይ «ለመጠጥ አይሆንም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ድምፅ ማጉያው ያጉረመርማል እንጂ የሚለው አይለይም። ሰዉ ሻንጣውን አቅፎ ይነጫነጫል፣ ያለቅሳል፣ ለዘመዱ ያልነገረውን ለማያውቀው ሰው ይነግራል።

መርማሪዋ ሬሳው ፊት ቁጢጥ አለች። ወደ ሰባ የሚጠጋ፣ ያረጀ ግን በደንብ የተተኮሰ ኮት የለበሰ ሰው ነው። ሌባ እንዳይነጥቀው የቦርሳውን ማንገቻ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ሁለት ጊዜ ጠምጥሞታል። እንዲህ የሚጠነቀቅ ሰው ግን የተቀመጠው ከምሰሶ ጀርባ ነው፤ ከዚያ ሆኖ የበረራ ሰሌዳው አይታይም። የእጅ ሰዓቱን አየች፤ ከዚያ የግድግዳውን፣ ከዚያ የራሷን። የሟቹ ሰዓት አልቆመም። ነገር ግን ልክ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል። ከወንበሩ ሥር የወረቀት ኩባያ ወድቋል፤ ከታች ከሻይ አተላ ጋር ነጭ ነገር ረግቶበታል።

«እግሩ አብጧል፤ የልብ ሕመምተኛ ነው» አለ የአየር ማረፊያው ሐኪም ኩባያውን ወደ ብርሃን አዙሮ እያየ። «ይሄ ደግሞ የተፈጨ የእንቅልፍ ክኒን ይመስለኛል። ጤነኛ ሰው ቢጠጣው አብዝቶ ይተኛል፤ ሌላ ነገር አይሆንም። ከልብ መድኃኒት ጋር ሲደመር ግን እንዲህ ያለ ሰው ትንፋሽ ያጥረዋል።»

ሰውየው የሚጓዘው ከሴት ልጁና ከታናሽ ወንድሙ ጋር ነበር። መርማሪዋ መጀመሪያ ልጅቷን ወደ ቢሮዋ አስገባች። ቢሮው ጠባብ ነው፤ አንድ ጠረጴዛ፣ ጥቂት ወንበር፣ ጥግ ላይ ባለቤት ያጡ ሻንጣዎች ክምር።

«አባትሽ ሥራቸው ምን ነበር?»

«መጽሐፍ ጠራዥ። አርባ ዓመት ማተሚያ ቤት ሠርቶ ጡረታ ወጣ።»

«ወዴት ነበር የምትሄዱት?»

«ወንድሜ ጋ» አለች ልጅቷ፤ ዓይኗ ግን ጠረጴዛው ላይ ነበር። «ውጭ ነው የሚሠራው። አምስት ዓመት አልተያዩም። ትኬቱን ያገኘው አባዬ ራሱ ነው። ሰባት ወር ሙሉ በየጧቱ ኢንተርኔት ቤት እየሄደ ዋጋ ሲያይ ነበር። ማክሰኞ ይረክሳል፣ ቅዳሜ ይወደዳል እያለ በጠረዘው ደብተር ይጽፋል። መጨረሻ ላይ ይቺን አገኘ። ገንዘቡ አይመለስም፣ ቀኑ አይቀየርም፣ እዚህ አሥራ ስድስት ሰዓት ያስጠብቃል። ‹ወንበር ላይ ማደር ምን አላት› አለን። ብቻውን አንለቀውም ብለን ተከተልነው።»

መርማሪዋ ከልጅቷ ቦርሳ የወጣውን የክኒን ማሸጊያ ገፋ አደረገችላት።

«የኔ ነው። እንቅልፍ ካጣሁ ሦስት ወር ሆነኝ።» ቆጠረችውና ፊቷ ተለዋወጠ። «ስድስት ፍሬ ጎድሏል። እኔ አልወሰድኩም።»

ከዚያው ቦርሳ የአባቷ መድኃኒቶች ያሉበት ከረጢት ወጣ። ላዩ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «የእንቅልፍ ክኒን በፍጹም!» ተብሎ ተጽፏል።

«ይሄስ የማን ጽሑፍ ነው?»

«የኔ። መንገድ ላይ ቢታመም ሐኪም እንዲያየው ብዬ። ነርስ ነኝ።»

«ሻዩን ማን ገዛው?»

«እኔ ነኝ። ሦስት ሰዓት ላይ ሦስት ሻይ ገዝቼ ወንበራቸው ላይ አስቀመጥኩና ሄድኩ። ርካሽ ትኬት ሻንጣ አያሻግርም፤ ራሳችን ተቀብለን እንደገና ማስመዝገብ ነበረብን። ወረፋው ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ። አባዬን በር ድረስ የሚያመጣው አጎቴ፣ ጋሼ፣ ነበር። በሩ እስኪዘጋ ቆሜ ጠበቅኳቸው።»

«ሰዓታቸው ወደ ኋላ ይቀር ነበር?»

«የአባዬ ሰዓት? በጭራሽ! ትናንት ማታ ስንገባ ከግድግዳው ጋር አስተያይቶታል። ካልታጠበ በቀር ከእጁም አያወልቀው።»

ቀጥሎ የገባው የሟቹ ታናሽ ወንድም ነው። ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና የነዳ፣ መዳፉ ሰፊ፣ ጠና ያለ ሰው። ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው።

«ሻዩን ሲጠጡ አብረዋቸው ነበሩ?»

«አልነበርኩም። ሲጋራ አሰኘኝና ማጨሻ ቦታ ፍለጋ ወጣሁ። ይሄ አየር ማረፊያ ደግሞ ማስገባት እንጂ ማስወጣት አያውቅም፤ ጠፋሁ። ስመለስ ሰዉ ከቦታል።»

«ከምሰሶው ጀርባ እንዲቀመጡ ያደረገ ማነው?»

«ራሱ ነው። ንፋስ መታኝ አለ።» ከዚያ፣ «ልጅቷን እንዳይጠረጥሯት፤ እሷ ክፋት የሚባል አታውቅም» አለ።

መርማሪዋ ስለ ልጅቷ አንድም ነገር አልጠየቀችውም ነበር።

ሦስተኛዋ ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ናት። በየወሩ በርካሽ በረራ የምትመላለስ፣ የዚህን አየር ማረፊያ ጥግ ሁሉ የምታውቅ ባልቴት ናት። ከሟቹ ጋር ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው ነው ያደሩት።

«እናቴ፣ ጠዋት ምን አዩ?»

«ምኑን አየዋለሁ ልጄ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ ዕቃዬን ሳስር! ወንድማማቾቹ ሊታጠቡ ሄዱ፣ መጡ። ልጅቱ ሻይ አስቀምጣ ሄደች። ‹ምነው፣ ዛሬስ ስኳሩን አበዛህብኝ› ሲል ሰማሁት፤ ሳቅም አለ። ከዚያ ዝም። ሌሊቱን ዓይኑን አልከደነም ነበርና፣ እሰይ ተኛ ብዬ ደስ አለኝ። ምን ላውቅ!»

«ሌሊትስ ምን አወራችሁ?»

«የመንገደኛ ወሬ ነዋ» አለችና የሻርፗን ጫፍ ትጠቀልል ጀመር።

መርማሪዋ አንድ የቀራት ነገር ነበር፤ ወንድ ልጁ አባቱን እየጠበቀ ይሆናል፤ መርዶው ሊነገረው ይገባል። ነርሷንና ሹፌሩን አስጠራችና በሟቹ ስልክ ላይ «ልጄ» የሚለውን ስም ፈለገች። የመጨረሻው መልእክት የትናንት ነው፤ «አባዬ፣ መድኃኒትህን ዋጥክ?» ይላል። ደወለችለት።

የነርሷ ቦርሳ ውስጥ ስልክ ጠራ።

ስልኩ ጠራ፣ ጠራ፣ ጠራና ቆመ።

«ወንድሜ ሞቷል» አለች ነርሷ በመጨረሻ። «ሦስት ወሩ። ከሕንፃ ሥራ ላይ ወድቆ። እዚያው ቀበሩት፤ ዕቃው ሲላክልን ስልኩም አብሮ መጣ። አባዬ በልቡ አይችለውም ብለን ደበቅነው። ሲጽፍለት የምመልሰው እኔ ነኝ። እዚያ ስንደርስ መቃብሩ ላይ ልነግረው ነበር። ጋሼ አይሆንም ብሎኝ ተጣልተናል።»

ሹፌሩ ግድግዳውን ያያል።

መርማሪዋ ብቻዋን ወጣች። ከበረራ ሰሌዳው ሥር ቆማ ብዙ አሰበች፤ ከዚያ ወደ አንድ የትኬት መስኮት ሄዳ የዛሬ አመሻሹን የመንገደኞች ዝርዝር ጠየቀች። ስታነበው ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ ከእጇ አላወረደችውም።

ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ነርሷን፣ ሹፌሩን፣ ነጋዴዋንና ሐኪሙን ቢሮዋ ሰበሰበች።

«እኔ መጀመሪያ ገዳይ ፈልጌ ነበር» አለች። «ያሳሳተኝ እሱ ነው። ሰዓቱን እናስብ። ሰው ሊገድል የተነሣ ሰው የሟቹን ሰዓት አንድ ሰዓት ወደ ኋላ አይመልስም፤ ለሞተ ሰው ሰዓት ምን ያደርግለታል? ሰዓት የሚዛባው ለሚነቃ ሰው ነው፤ ቢነቃ እንኳ ‹ገና ነው› እንዲል። የበረራ ሰሌዳው ከማይታይበት ምሰሶ ጀርባ ያስቀመጡትም ለዚሁ ነው። ክኒኑም ለዚሁ ነው። የተፈለገው ሞት ሳይሆን አውሮፕላኑ እንዲያመልጠው ነው።»

ነርሷ ቀና አለች።

«አውሮፕላን ካመለጠ በኋላ ግን ሰው እዚህ አይኖርም፤ መውጫ ያስፈልገዋል። የዛሬ አመሻሹን በረራ ጠየቅሁ። ወደ አገራችሁ የሚመለስ ነው። በእናንተ ስም ሦስት ወንበር ተይዟል፤ ከዘጠኝ ቀን በፊት ከትኬት ቢሮ የተቆረጠ። አንዱ ወንበር የሟቹ ነው። ይሄን ያደረገ ሰው ዛሬ ማታ ወንድሙን፣ ወይም አባቱን፣ አጠገቡ አስቀምጦ ሊመለስ ነበር።»

«እኔ አልቆረጥኩም!» አለች ነርሷ።

«አውቃለሁ። ክኒኑ ያንቺ ነው፤ ሻዩንም የገዛሽው አንቺ ነሽ፤ ሁሉም ወደ አንቺ ይጠቁማል። ግን በቀይ እስክሪብቶ ‹በፍጹም› ብለሽ የጻፍሽው አንቺ ነሽ። አደጋውን የሚያውቅ ሰው ለእንቅልፍ ብሎ አይሰጥም። የሰጠው የማያውቅ ሰው ነው። ሰዓታቸውንም የሚያወልቁት ሲታጠቡ ነው፤ ወንዶች መታጠቢያ ክፍል ደግሞ አንቺ አትገቢም።» ወደ ነጋዴዋ ዞረች። «እናቴ፣ ሻዩ ሲጠጣ የሰሙትን ይድገሙልኝ።»

«‹ዛሬስ ስኳሩን አበዛህብኝ› ነዋ ያለው።»

«‹አበዛህብኝ›» አለች መርማሪዋ ቀስ ብላ። «‹አበዛሽብኝ› አላሉም። ሻዩን አማስሎ የሰጣቸው፣ የክኒኑን ምሬት በስኳር የሸፈነው፣ ወንድ ነው። ሲጠጡም አጠገባቸው ነበር፤ አብረው ሥቀዋል። ሲጋራ ፍለጋ አልሄዱም፣ አባቴ።»

ሹፌሩ ሰፊ መዳፎቹን ፊቱ ላይ ጫናቸው።

«እኔ ወንድሜን ልግደለው?» አለ። «ወደ ቤቱ ልመልሰው ነው እኮ! ክኒኑን ገና ቤት ሳለን ነው ከእሷ የሰረቅኩት፤ በቀይ የጻፈችውን አላየሁም። በማያውቀው አገር፣ አይዞህ ባይ በሌለበት፣ አፈር አሳይተን ‹ልጅህ ይኸውልህ› ልንለው? ዘመድ በተሰበሰበበት፣ አልጋው ባለበት ልነግረው ነበር። አውሮፕላኑ ካመለጠው ትኬቱ ይቃጠላል፤ ሌላ መግዣ የለውም፤ እንመለስ ስለው እሺ ይለኛል ብዬ ነው።»

«ታዲያ ለምን ቤት እያለን አልነገርከውም?» አለች ነርሷ።

«ሦስት ወር ሙሉ በየቀኑ ልነግረው እሄዳለሁ። ደብተሩን ዘርግቶ ‹ዛሬ ደግሞ ቀነሰ!› ይለኛል። ምን ልበል? ስለ ትኬት ሲያወራኝ ውሎ እመለሳለሁ።» እንባውን በእጅጌው ጠረገ። «በሩ ሲዘጋ ልቀሰቅሰው ተመለስኩ። ቀዝቅዟል። ጥዬው ሸሸሁ። የአባቴን ልጅ ወንበር ላይ ጥዬው ሸሸሁ።»

ሐኪሙ ፊቱን አዞረ። ያን ጊዜ ነው ነጋዴዋ ሻርፗን ለቅቃ ተንሰቅስቃ ያለቀሰችው።

«ያውቅ ነበር» አለች። «እናንተ ልጆች፣ ሰውየው ያውቅ ነበር! ሌሊት ነገረኝ። ‹ልጄ ድሮ ሲጽፍልኝ እያሾፈብኝ ነው፤ መድኃኒትህን ዋጥክ ብሎኝ አያውቅም። ከሦስት ወር ወዲህ በየማታው ይጠይቀኛል። የሚጽፍልኝ ማን እንደሆነ ገባኝ። ለጓደኛው ደወልኩና ሁሉን ነገረኝ። ትኬቱን የቆረጥኩት መቃብሩን ለማየት ነው› አለኝ። ‹ታዲያ ለምን አትነግራቸውም?› አልኩት። ‹እኔን ለማዳን ሲጨነቁ እያየሁ እንዴት ብዬ? እዚያ ስንደርስ ይነግሩኛል፤ ያኔ አብረን እናለቅሳለን› አለኝ።»

ነርሷ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ከውጭ ድምፅ ማጉያው የማይለይ ነገር አጉረመረመ።

መርማሪዋ ከመሳቢያዋ ቅጽ አወጣች። እንዲህ ያለ ቅጽ ብዙ ሞልታለች፤ ዛሬ ግን እስክሪብቶው ከበዳት።

«አስከሬኑ ወዴት እንደሚላክ መጻፍ አለብኝ» አለች። «የአመሻሹ በረራ ሊሄድ ሦስት ሰዓት ቀርቶታል። ወደ ቤት ነው?»

ነርሷ ተነሥታ አጎቷ አጠገብ ተቀመጠች። ለረጅም ጊዜ አላየችውም፤ ከዚያ፣ «ጋሼ፣ አንተ ምን ትላለህ?» አለችው።

ሹፌሩ እንዲህ ብሎ የሚጠይቀው ሰው ዳግመኛ ይኖራል ብሎ አልጠበቀም።

«ልጁ ጋ» አለ። «ልጁ ጋ ውሰጂው።»

መርማሪዋ ጻፈች። ከዚያ ካቴናውን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ነርሷ ግን ያንን ሰፊ መዳፍ በሁለት እጇ ይዛ ታለቅስ ስለነበር፣ መርማሪዋ ወንበሯን ወደ መስኮቱ አዙራ እስክትለቀው ጠበቀች።