እጅ የማይነሳበት ፈተና

ብሮንዊን ኮርማክን መጀመሪያ ያየችው ከጀርባው ነው። የትምህርት ቤቱን አጥር ሊጠግን መጥቶ ፒክአፑን የቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ገትሮታል። እሷ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ናትና ሦስት ጊዜ ጮኸችበት። ዝም። በአራተኛው ትከሻውን ጎሸም አድርጋ «አንተ ሰውዬ፣ አትሰማም እንዴ?» አለችው።

አይሰማም። ከተወለደ ጀምሮ መስማት የተሳነው ሰው ነው። ጆሮውን በጣቱ ጠቁሞ ራሱን ሲነቀንቅላት ፊቷ በርበሬ መሰለ፤ እሱ ግን እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

ከዚያ ወዲህ ማክሰኞ ማክሰኞ የምልክት ቋንቋ ያስተምራት ጀመር። በዓመቱ ፍቅር ሁለቱንም ያዛቸው። አንድ ቀን የመጀመሪያ ትምህርቷን እንደ ቀልድ ደገመላት።

«እኔን መስደብ ካማረሽ ብዙ አትድከሚ። እያወራሁሽ ዓይንሽን ካዞርሽ በቂ ነው። በእኛ ዘንድ በር መዝጋት ማለት ነው።»

ባለፈው ሳምንት ደግሞ «አግቢኝ» አላት። መልሱን አሳደረችበት። ስለማትወደው አይደለም፤ አሳምራ ትወደዋለች። እጇ ገና ይኮላተፋል፤ ዕድሜ ልኩን ከኮልታፋ ሰው ጋር ይኑር ብላ መፍረድ ከብዷት ነው። «ከተማሪዎቹ ፈተና በኋላ እነግርሃለሁ» አለችው።

የፈተናው ቀን ሰማዩ የዛገ ቆርቆሮ መስሎ ነጋ። ከከተማዋ በላይ፣ የኮርማክ አባት በሚኖርበት ኮረብታ ላይ ያለው የባሕር ዛፍ ጫካ ሦስት ቀን ሲጨስ ከርሟል፤ ነፋሱ ካልዞረ ምንም አይልም ተብሏል። አራት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች የምልክት ቋንቋ ፈተናቸውን በኢንተርኔት ሊፈተኑ ተቀመጡ። ጠያቂው ሜልበርን ሆኖ በስክሪን ያያቸዋል። አስተማሪያቸው ክፍሉ ውስጥ መገኘት ስለማይፈቀድላት ቁጥጥሩ ለብሮንዊን ደረሰ።

በሌላ ፈተና ተቆጣጣሪ አፉን ይዘጋል፤ በዚህኛው እጁን ይሰበስባል። ሁለት እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ ዓይኗን ከተማሪዎቹ ሳትነቅል መቀመጥ አለባት። ካሜራው ክፍሉን በሙሉ ይቀርጻል። አንዲት ምልክት ብታሳይ፣ ወይም ትታቸው ብትወጣ፣ የአራቱም ውጤት ይሰረዛል። ቴጋን የምትባለው ልጅ ደግሞ ይህ ውጤት ከሌላት የምትመኘው ኮሌጅ አይቀበላትም።

አሥራ አንድ ደቂቃ ሲቀር መስኮቱ ጨለመ።

ኮርማክ ነው። ከኋላው ሰማዩ ቀልቷል። እጆቹ እንዲህ ሲፈጥኑ አይታ አታውቅም። «አባቴ» ሲል ያዘችው፤ «ነይ» ሲልም ያዘችው። የቀረው አመለጣት። ራሷን እንኳ ልትነቀንቅለት አልቻለችም፤ እሱም ምልክት ነው። ዓይኗን ወደ ተማሪዎቹ መለሰች።

በዓይኗ ጠርዝ እጆቹ አየር ላይ ሲቀሩ፣ ከዚያም ሲወርዱ ታያት። ፈተናው አልቆ ቀና ስትል መስኮቱ ላይ ማንም የለም።

ሮጣ ወጣች። ነፋሱ ዞሯል። ወደ ኮረብታው የሚወስደው መንገድ አፍ ላይ የቆመችው የእሳት አደጋ ሠራተኛ እጇን ዘርግታ አገደቻት።

«ማንም አያልፍም፣ እህቴ።»

«ኮርማክ አልፏል ወይ?»

«ከመዝጋታችን በፊት አልፏል።»

መልእክት ላከችለት፤ አላነበበውም። የከተማው ሰው እግር ኳስ ሜዳው ላይ ተሰብስቦ ሬዲዮ ያዳምጣል። ኮረብታው ላይ የተረፈ ቤት የለም አለ ሬዲዮው። አራት ሰዓት ሙሉ አመድ እየወረደባት ቆመች። ያን ጊዜ እጆቿን ጠላቻቸው።

አመሻሹ ላይ ፒክአፑ መጣ። የሚነዳው የኮርማክ አባት ነበር።

«ጭሱ ጥሎኝ ነበር፣ ልጄ» አላት ሽማግሌው እያሳለ። «በሩ ግሎ እሳት ሆኗል፤ በባዶ እጁ ከፈተው። የእሳት አደጋ መኪና እታች ሆኖ ስንት ጊዜ ጮኸ፤ እሱ በምን ይስማ? የሚሰማለት ሰው ፈልጎ ነበር አሉ።»

ያመለጣት ይህ ነበር። ጭስ ውስጥ ዓይኑ አይሠራም፤ ጆሮዋን ሊለምን ነው የመጣው።

ኮርማክም ከፒክአፑ ወረደ፤ እጆቹ እስከ ክርናቸው በእርጥብ ፎጣ ተጠቅልለዋል። አያትና ዓይኑን አዞረ። በወዲያኛው ጎን ዞራ መጣችበት፤ አሁንም አዞረ። በሦስተኛው ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ራሷ መለሰችና ለቀቀችው። አልዞረም።

«ካሜራ ነበር» አለችው በሚኮላተፍ እጇ። «አራት ልጆች ነበሩ። እጄን ባነሳ ይወድቁብኝ ነበር። በር አልዘጋሁብህም... እወድሃለሁ።»

የሚመልስበት እጅ የለውም። ቅንድቡን ብቻ ወደ ላይ ከፍ አደረገ፤ በቋንቋቸው ያ ራሱ ጥያቄ ነው። የትኛው ጥያቄ እንደሆነ አላጣችውም።

«አዎ» አለችው። «አገባሃለሁ። ባልከኝ ቀን።»

ግንባሩን ትከሻዋ ላይ ጣለ።

ቴጋን ፈተናውን አለፈች። ሐኪሞቹ የኮርማክን ፋሻ የፈቱለት ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው። የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች ከዚያ ወዲያ አይታጠፉም። አሥራ አንዷን ደቂቃ ሁለቱም ያውቋታል፤ አንዳቸውም አንስተዋት አያውቁም።

ፋሻው ተፈቶ መጀመሪያ በእጁ የተናገረው ነገር ሦስት ሙከራ ፈጀበት።

«ከእንግዲህ እኔም እንዳንቺ ኮልታፋ ነኝ።»

ፈገግ ብሎ ነበር። እሷ መሳቅ አቃታት። ከጎኑ ተቀመጠችና «አልገባኝም፣ ድገመው» አለችው። ገብቷታል። እሱም እንደገባት ያውቃል። ቀስ ብሎ ደገመላት።