ቀይ ክር፣ ነጭ ክር

«ማን ነካው?» አለች ሚጢጢ፣ የቤተ ሙከራውን በር ከኋላዋ ገርበብ አድርጋ።

ጓደኛዋ ከጠረጴዛው አልዞረችም። የክር ቋጠሮ እያጠበቀች ነበር። በንግግር የሚረታት ስለሌለ ክፍሉ በሙሉ «ጠበቃ» ነው የሚላት።

«ማንም አልነካው። የላላውን አጠበቅኩ እንጂ።»

ጠረጴዛው ላይ፣ መስኮቱ ሥር፣ ሁለት የቲማቲም ችግኝ ሳጥኖች ተቀምጠዋል። የአንዱ ቅጠል ጠቁሮ፣ የፈላ ውሃ እንደተደፋበት ተዝለፍልፏል። ሌላው ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ቅጠሎቹ ላይ ግን የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ቡናማ ነጥቦች አሉ። ነጭ ክር የታሰረው በዚህኛው ላይ ነው። ዓርብ ዕለት ትተዋቸው ሲሄዱ ግን ነጥብ የነበረበት ባለ ቀይ ክሩ ነበር። ባለ ነጩ እንከን የማይወጣለት ለምለም ነበር።

የሚጢጢ እናት ችግኝ አፍልታ ትሸጣለች። አምና በሽታ ገብቶ የእሷንም የገዢዎቿንም ቲማቲም ጠራርጎ ወሰደው። ዘንድሮ ሁለት ዓይነት ዘር ገዛች፤ አንዱ ከረጢት በቀይ፣ ሌላው በነጭ ክር ታስሯል። ሻጩ ቀዩ በሽታ ይቋቋማል ብሎ ቢምልም፣ «የነጋዴ መሐላ» ብላ የትምህርት ቤቱ የሳይንስ ክበብ እንዲፈትንላት ለመነች። ሁለቱ ልጆች በሽታውን በውሃ በጥብጠው ሁለቱም ሳጥኖች ላይ ረጩ። ቀዩ ነጠብጣብ ሲያወጣ ጠበቃ፣ «ነጩ ነው ጀግናው» ብላ ፈረደች። ሚጢጢም ይህንኑ ለእናቷ ነገረች። መምህሩ ሳጥኖቹን ሳያይ ወሬውን ከእናቷ ችግኝ ለሚገዙት አትክልተኞች አደረሰ።

አሁን ሚጢጢ ዓርብ ከሰዓት በክፍል የሰማችው ትዝ አላት። የበሽታው ተሕዋስ ቅጠል ውስጥ ሲገባ፣ አለ መምህሩ፣ ፕሮቲን ይረጫል። ፕሮቲኑ የተክሉን ዘበኛ ያስተኛዋል፤ ተክሉም ምንም እንዳልሆነ አረንጓዴ ሆኖ ጠላቱን ይቀልባል፣ እስኪወድቅ ድረስ። የሚቋቋመው ተክል ግን ከፕሮቲኖቹ አንዱን ለይቶ ያውቃል። ያወቀ ጊዜ በተሕዋሱ ዙሪያ ያለውን የገዛ አካሉን ይገድላል፤ ተሕዋሱም የሚበላው አጥቶ እዚያው ይቀራል።

ነጥቦቹ በሽታው አልነበሩም። ውጊያው ነበሩ።

«ክሮቹን አቀያይረሻቸዋል» አለች።

«እና? ነጩ ይቋቋማል ብለን የለ? ይኸው ተቋቋመ።»

«ጀግናው ቀዩ ነበር። እማ ግን ነጩን ልትዘራ ነው እኮ።»

«አታካብጂ። ዘንድሮ በሽታው ላይመጣም ይችላል።» ጠበቃ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «በፈተና ኩረጃ ስሜ አንዴ ተነስቷል። ከደገምኩ ከክበቡ እባረራለሁ፤ ታውቂያለሽ። ሆድ ይፍጀው በቃ።»

በሩ ተከፈተ። መምህሩ ውጤቱን ሊያዩ የመጡትን አትክልተኞች እየመራ ገባ። እናቷ ከፊት ባለው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ፣ ጥፍሯ ሥር የቀረውን አፈር እየፈቀፈቀች ፈገግ አለችላት።

«እህ፣ ዶክተሮቹ» አሉ አንድ ሽማግሌ አትክልተኛ፤ «በሽተኛው ተርፏል ወይስ ለልቅሶ ነው የጠራችሁን?»

ሳቁ ሲበርድ ጠበቃ ንግግሯን ጀመረች። አማረላት። የወደቀውን ሳጥን አሳየች፣ ቀይ ክሩን አሳየች፣ የቆመውን አሳየች።

መምህሩ ወደ ቆመው ሳጥን ጎንበስ አለና ነጥቦቹን አየ። ግንባሩን ቋጠረ። «ነጠብጣብ ያወጣው ቀዩ ነው አላላችሁኝም ነበር?»

«በኋላ እሱም ትንሽ አወጣ፣ ቲቸር» አለች ጠበቃ፣ ዓይኗን ሳታርገበግብ።

«እሰይ» አለች እናትየው፣ ለመነሳት እየተመቻቸች። «ነጩን ዛሬውኑ አፈር አስነካዋለሁ።»

«የምትጨምሪው አለ?» አለ መምህሩ ወደ ሚጢጢ ዞሮ።

ጠበቃ አየቻት።

ሚጢጢ ምላሷ ላይ ሁለት ቃል ነበራት። አንዱ «ቀያየረቻቸው» ነው። እውነት ነው፤ ማንም አይወቅሳትም። ግን ነጩን ለእናቷ ያወራችው ራሷ ናት። አሁንም ንግግሩ እስኪያልቅ አፏን ዘግታ ቆማለች።

«ቲቸር» አለች፤ «ክሮቹን ቀያይረናቸዋል።»

ማንንም ሳታይ የቆመውን ሳጥን ወደ ራሷ ሳበችና ነጩን ክር መፍታት ጀመረች። ቋጠሮው ጠብቋል፤ በጥፍሯ ያዘችው።