እጇን ልትታጠብ ወንዝ ዳር የቀረችው እናቴ

እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲነሳ ተነስቼ የምሄድ ሰው ነኝ፣ ቀድሜ ልንገራችሁ። አምደወርቅ ከተማ ሒሳብ አስተምራለሁ፣ ባልደረቦቼ ስለ ሙት መንፈስ ሲያወሩ «እስቲ ሌላ ጨዋታ አምጡ» የምለው እኔ ነበርኩ። እናቴም ብትሆን አትወድም፣ «ከመስቀልና ከመርፌ ሌላ የማውቀው የለም» ትል ነበር። ስለዚህ ይህን የማወራው ወድጄ አይደለም፣ እመኑኝ፣ አንጀቴ እያረረ ነው።

እናቴ ሰቆጣ ነርስ ነበረች። ስሟን የሚያውቀው ጥቂት ነው፣ ሁሉም «ሲስተር» ነው የሚላት። ማለዳ ኪዳን አድርሳ ጤና ጣቢያ ትገባለች፣ ስትመለስ ደግሞ በራችን ላይ ሰው ተኮልኩሎ ይጠብቃታል፣ ለክትባት በበቅሎ ገጠር ስትወጣ ከባላገሩ ጋር በቋንቋቸው በኽምጣና እየተጫወተች ሳምንት ትቆያለች። አንድ ጊዜ ብርድ ልብሴን ከላዬ ገፍፋ ለአራስ ሰጠችብኝና «አንቺ ጤነኛ ነሽ» አለችኝ። እሷ ዘንድ ጤነኛ መሆን እንደ ጥፋት ነበር፣ ካልታመምኩ አታየኝም።

የራሷን ሕመም ግን ደብቃ ደብቃ፣ መዳኛው ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው የሰማነው። የሰውን ሆድ ስትዳስስ የኖረች ሴት የራሷን ትርሳው? ከአምደወርቅ መኪና አጥቼ ስደርስ ቀብሩ አልቋል፣ ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሁሉ «እኔን ያዳነችኝ፣ ልጄን ያዋለደችልኝ» እያለ ያለቅሳል። «ለኔ ያለችው ነገር አለ?» ብዬ ያልጠየቅኩት አልነበረም። የለም አሉኝ።

ተዝካሯም ወጣ። ዓመት ካለፈ በኋላ፣ ክረምት ላይ ትምህርት ሲዘጋ ወደ ባዶው ቤት መጣሁ። አንድ ቀን፣ ሲጥል የዋለው ዝናብ አባርቶ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ልብስ እያጣጠፍኩ ሳለ ከእሷ ክፍል የክዳን መንቀጥቀጥ ሰማሁ። ድሮ መርፌ የምትቀቅልባት ትንሽ ድስት ነበረቻት፣ ውሃው ሲንተከተክ ክዳኗ ልክ እንዲያ ነበር የሚለው። ገብቼ አየሁ፣ ድስቷ ደረቅና ቀዝቃዛ ናት። አይጥ ነው አልኩ፣ ምን ልበል ታዲያ? ሳልቀመጥ ቤቱ አልኮል አልኮል ሸተተኝ። ውጭ ደግሞ ጎረቤት ሲያበላው የከረመው ያ ተናካሽ ውሻችን ጭራውን እየቆላ አጥሩ ሥር ያለቃቅሳል፣ ከእሷ በቀር ለማንም እንዲያ ሲሆን አይቼው አላውቅም።

ወዲያው «ሲስተር! ሲስተር!» የሚል ጩኸት መጣ።

ስከፍት ሰዎች ቃሬዛ ተሸክመው ቆመዋል፣ ቃሬዛው ላይ አንዲት ሴት፣ ደረቷ ላይ ገና የተወለደ ሕፃን። ከፊት ያሉት ሽማግሌ፣ በኋላ ስማቸው አባ ወልዱ መሆኑን ሰማሁ፣ ላብና ጭቃ ሆነዋል።

«ሲስተር ደረሰች?» አሉኝ።

«ማንን ነው የሚፈልጉት፣ አባቴ?»

«እናትሽን ነዋ! ምራቴን ወደ ጤና ጣቢያ ይዘን ስንመጣ ምጡ መንገድ ላይ ጠናባት፣ እናትሽ ከታች ወንዙ ዳር አግኝታን አዋለደችልን፣ ደሙንም አቆመችው። ‹ቤቴ ቅርብ ነው፣ ሕፃኑን ብርድ ሳይመታው እናንተ ቅደሙ፣ እጄን ታጥቤ እከተላችኋለሁ› አለችን።»

«አባቴ፣ እናቴ እኮ ከሞተች ዓመት አለፋት።»

ሽማግሌው ተቆጡ። «ተይ ልጄ፣ በእናት ሞት አይቀለድም። ልጆቼን ሁሉ የከተበቻቸው እሷ ናት፣ ላላውቃት ነው?»

ቃሬዛው ላይ ያለችው ሴት በደከመ ድምፅ አንድ ነገር በኽምጣና አለች። ባሏ ወደኔ ዞሮ «እጇ ሞቃት ነበር ነው የምትለው» አለኝ።

እመኑኝ፣ ያኔ የያዘኝ ፍርሃት አልነበረም፣ ንዴት ነው። ለሕፃኑ ጋቢ አውጥቼ ሰጠኋቸው፣ ወደ ጤና ጣቢያው ሂዱ አልኳቸው፣ ነጠላ እንኳ ሳልደርብ በጭቃው ወደ ወንዙ ሮጥኩ። ወንዙ ደፍርሶ ሞልቷል፣ ሰው የለም። ዳር ያለ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ግን የሳሙና አረፋ ነበር፣ እያየሁት ሟሸሸ። «እማዬ!» ብዬ ጮህኩ። «ለነሱ ከመጣሽ ለኔ አትመጪም?»

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። እናትም ልጅም ደህና ናቸው። ሌላ ነርስ ትሆናለች ብዬ ያልጠየቅኩት አልቀረም፣ ያን ቀን ወደ ወንዙ የወረደ የለም፣ ሕፃኑን ያየችው ነርስም «እትብቱን ያሰረው ሙያ ያለው ሰው ነው» አለችኝ። አባ ወልዱን በር ላይ አገኘኋቸው።

«ስለ እኔ ምንም አላለችም? ስሜን እንኳ አልጠራችም?»

«ሰላም በሉልኝ ብላለች» አሉ፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው። አዘኑልኝ እንጂ እሷስ አላለችም። ይሄ ደግሞ የባሰ አናደደኝ።

ከዚያ ወዲህ ወሬው አልቆመም። አንዱ መንገድ ላይ አገኘኋት ይላል፣ ሌላዋ ከሰሃላ ወረዳ ድረስ መጥታ «ልጄን ትኩሳት ሲያቃጥለው አጠገቡ የዋለችው ሲስተር ናት» ትለኛለች። እኔ ክረምት በመጣ ቁጥር በሩን ገርበብ አድርጌ እዚያው ቤት እቀመጣለሁ፣ ኮሽ የሚል የለም።

በቀደም ገበያ ውስጥ አንዲት የማላውቃቸው አሮጊት ክንዴን ያዙኝ።

«የሲስተር ልጅ አይደለሽም?»

«ነኝ፣ እናቴ።»

«አየኋት እኮ። እግሯ አብጧል፣ ስትራመድ ታነክሳለች። ልጅ እያላት ምነው የሚያሳርፋት ጠፋ?»

ራሳቸውን እየነቀነቁ ሄዱ። እኔም የት እንዳዩዋት እንኳ ሳልጠይቃቸው ገበያው መሃል ቆሜ ቀረሁ። ለምን ወደኔ አልመጣችም እያልኩ ስናደድ፣ ደክሟት ይሆን ብዬ አንድም ቀን አስቤ አላውቅም ነበር።